ጋሼ ደምሴን ከበረሃ ማምጣት

ኅዳር 2፣ ሰኞ፣ ሦስተኛ ክ/ጊዜ

ሒሳብ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኔ አንተ ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ከፊት ለሚያየኝ እየገለበጥሁ ነው የምመስለው። ጠመኔው ሲጮህ ቀና እላለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ከሞተ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ። ቀኑን የምቆጥረው እኔ አይደለሁም፤ ቤት ያለው ሁሉ ይቆጥራል። አርባው ኅዳር 19 ይውላል። ስለ ምስር ይወራል፣ ስለ ድንኳን ይወራል፣ የትኛው ቄስ እንደሚመጣ ይወራል። እኔ የተባልሁትን ተሸክሜ የተባልሁበት አደርሳለሁ።

የተላጨው ፀጉሬ መብቀል ጀምሯል። ስዳብሰው የጫማ ብሩሽ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ድሮ በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። አሁን እስክሪብቶ ሳልጠይቀው ያውሰኛል። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አላለቀስሁም። ይህን አንተም ታውቃለህ። በቀብሩ ዕለት አልቃሿ ስሜን እየጠራች ስትገጥም ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። እኔ የአጎቴን የአያ አንማውን ጫማ እያየሁ ነበር። ክሩ ተፈትቷል። ረግጦት ይወድቃል ብዬ ነበር የማስበው። ሌላ ምንም አላሰብሁም።

ደወሉ ተደወለ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

አያ አንማው ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ጋቢውን ሳያወልቅ። ተቀመጥ አለኝ።

ጉዳዩ ጋሼ ደምሴ ነው። መርዶውን አልሰማም። የይበልጣል የክርስትና አባት ነው፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከደጀን ቁልቁል ይኖራል። ማሽላ አለው፣ ፓፓያ አለው፣ ቀፎ አለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለይበልጣል አባቱ እሱ ነበር። ይበልጣልና ጓደኛው ጌትነት በተራራ ሳይክል ሰው እየመሩ ወደ በረሃው ሲወርዱ የሚያድሩት እሱ ግቢ ነው። ነበር። እዚያ ስልክ አይሠራም። ቢሠራም በስልክ መርዶ አይነገርም።

አያ አንማው ያሰበው ይህ ነው። ጌትነት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ይዞ ይወርዳል። እኔ አብሬ እሄዳለሁ። ጋሼ ደምሴን ወደ ማርቆስ ይዤው እወጣለሁ። ጎረቤት ቤት በሰላም ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ይነግሩታል። እንደ ወጉ።

ጌትነት ብቻውን ቢሆንስ አልሁት። አይሆንም አለ፤ ይበልጣል ለምን አልመጣም ብሎ ይጠረጥራል፤ ታናሽ ወንድሙ ከመጣ ግን ነገሩ የቤተሰብ ይሆናል።

የምለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እርስዎም እንዲገኙ ተብሏል።» ከዚህ ሌላ እንዳልጨምር። ሰው ታመመ እንዳልል። ይበልጣል እንዴት ነው ካለኝ፣ ደህና ነው።

«አፍህን ከያዝህ ሰው ሆንህ ማለት ነው፣ ታከለ» አለኝ። ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በረሃ የሚለው ቃል ሲነሳ ወደ ጓዳ ገባች። ይበልጣልን የገደለው የበረሃ ወባ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የጌትነት ሱቅ። ሳይክሎቹ እንደ ታረደ በግ ተገልብጠው ተሰቅለዋል። ካቴና ዘይት ቀባሁ፣ ጎማ ነፋሁ። የይበልጣል ሳይክል ጥግ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ጌትነት ሌላ ሰጠኝ። የሱ መቀመጫ ይረዝምብሃል አለኝ። መቀመጫ ዝቅ እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ያልነገርሁህ ነገር አለ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ገጹን ቀድጃለሁ። አሁን አልቀድም።

ረቡዕ ማታ ነበር፣ ከመሞቱ አራት ቀን በፊት። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። ብርድ ነው አለኝ። ለእማዬ እንዳትነግር፣ ጠበል ትወስደኛለች፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉኝ። እሺ አልሁት። ብርድ ልብሴን ደረብሁለት። ሐሙስ ፈተና ነበረኝ። ዓርብም ነበረኝ። ማታ ማታ እንዳትነግር ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እማዬ መነሳት ሲያቅተው አየችው። ሐኪሙ ምነው ከሁለት ቀን በፊት ብትመጡ አለ። እማዬ «አላወቅንም» አለች።

ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

ይኸው። ተጻፈ። ምንም አልተሰማኝም። የተሰማኝ የእስክሪብቶው ቀለም እያለቀ መሆኑ ነው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ደጀን፣ 10፡30

ደረስን። እግሬ የሌላ ሰው እግር ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ከማርቆስ ተነሳን። ጥቁሩን ልብስ አወለቅሁ፤ ጋሼ ደምሴ እንዳያይ ካሁኑ ልመድ አለኝ ጌትነት። ቀይ ማልያ ለበስሁ። እማዬ አየችኝ። የማልያውን ኮሌታ አስተካከለችልኝ።

መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሰባ ኪ.ሜ. ገደማ። የጤፍ አጨዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ሰው ጎንበስ ብሏል። ባልዬው ወሬ አያልቅበትም። ቢሮው፣ ደመወዙ፣ ጉልበቱ፣ በፊት ይሮጥ እንደነበር። ሚስትየዋ ዝም ብላ ትነዳለች፣ ዳገት ላይ ጥላው ትሄዳለች።

አምበር ላይ የገበያ ቀን ነበር። አህያና ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ወረድን፣ እየገፋን አለፍን። አንድ ሽማግሌ የሚስትየዋን ሳይክል በዘንግ ነካ አድርገው ይህ አህያ ስንት ይሸጣል፣ ገለባ አይፈጅ አሏት። አባቴ ገለባስ አይበላም፣ ግን ይጥላል አለቻቸው። ገበያው ሳቀ። ጌትነትም ሳቀ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየና አቆመ። የሰውን ሳቅ የማቋርጠው እኔ ሆኛለሁ።

ከሉማሜ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። አንገት ደፍቶ መንዳት። ጥሩ ነበር። ጥሩ ማለቴ፣ ምንም የለም፣ ፔዳል ብቻ ነው።

አሁን ከሆቴሉ በረንዳ ገደሉ ይታያል። ታች ጭጋግ አለ፣ ወይም ሙቀት። ይበልጣል እዚህ ቆሞ ለእንግዶች የሚናገረው ነገር ነበረው። ጌትነት ዛሬ አልተናገረውም። ያው ገደል ነው ብሎ ገባ።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ በረሃው ውስጥ፣ 11 ሰዓት

ማማ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ጋሼ ደምሴ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበት የእንጨት ማማ ነው። እሱ ታች ነው፣ ይዘፍናል። ለምን እንደሚዘፍን እነግርሃለሁ፤ በተራ።

1 ሰዓት ላይ ከደጀን ጫፍ ጀመርን፣ በአስፋልቱ ሳይሆን በእግር መንገዱ። ጌትነት ቆም አድርጎ አስጠነቀቀን። ፍሬን ንኩት እንጂ አትጨብጡት። የኋላውን አስቀድሙ፣ የፊቱን በስሱ። ቂጣችሁን ከመቀመጫው አንሱ፣ ወደ ኋላ ግፉት። ዓይናችሁ ከጎማው ስር ሳይሆን ከፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ይሁን። የይበልጣል ቃላት ናቸው፣ አንድ በአንድ። ይበልጣል ቂጥ የሚለው ላይ ሲደርስ እንግዶቹን ያስቃቸው ነበር።

ብርዱ እላይ ቀረ። ጃኬት አወለቅን። ትንሽ ወርደን ሹራብ። አፈሩ ጥቁር ነበር፣ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ሣሩ ደርቋል። አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ዝንጀሮዎች ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው አሳለፉን። የፍሬን ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ግማሽ መንገድ ላይ የባልዬው የኋላ ጎማ የግራር እሾህ ወጋው። ጌትነት የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ አውጥቶ በምራቁ ቀዳዳውን ፈለገ። ሚስትየዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከማርቆስ ጀምሮ የተነፋው ሁሉ በአንድ እሾህ ተነፈሰ አለች። ባልዬው ራሱ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጠባቡ ቦታ። ግራው ገደል ነው። ልቤ መምታት ነበረበት። ጠበቅሁት፣ አልመታም። ጣቶቼ ከፍሬኑ ላይ ለቀቁ። ሆን ብዬ አይደለም። ሆን ብዬም ይሁን አላውቅም። ሳይክሉ ፈጠነ፣ ድንጋዩ ከስሬ ይንጫጫል፣ እኔ ውስጥ ግን በጣም ጸጥ ያለ ነበር። ጌትነት ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። ፍሬን ያዝሁ። ተንሸራትቼ ቁጥቋጦ ላይ ወደቅሁ።

እየሮጠ መጣ። የሚመታኝ መሰለኝ። ማልያዬን ይዞ አነሳኝ።

«እኔ ለእናትህ ሁለተኛ ቃሬዛ አልሸከምም» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ከፊት እኔን አስቀድሞ ከኋላ ነዳ።

6 ሰዓት ላይ ደረስን። ጋሼ ደምሴ ከማማው ላይ አየን፣ ወንጭፉን እያወዛወዘ ወረደ። ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። እኔን ሳመኝ፣ ጌትነትን ሳመው፣ እንግዶቹን ሳማቸው። ከዚያ ወደ መንገዱ አየ።

ያ ልጅ የት አባቱ ቀረ አለ።

ደህና ነው፣ ሥራ ይዞት ነው አልሁ። ከዚያ ቃሉን አልሁት። ሦስት ጊዜ የደገምሁትን። ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እርስዎም እንዲገኙ ተብሏል።

አየኝ። ጌትነትን አየው። እኔ አበቃ ብዬ ነበር።

ከዚያ ወንጭፉን መሬት ላይ ጣለው። «ተመስገን!» አለ። «ቆረጠ በለኛ! የማን ልጅ ናት?»

ደብተሬ፣ ሽምግልና መሰለው። ሽማግሌ የሚልኩለት፣ ይበልጣል ሚስት የሚያገባ መሰለው። ክርስትና አባት ለሌላ ለምን ይጠራል? አያ አንማው ሁሉን አስቦ ይህን አላሰበም። ጌትነት ወደ ሳይክሎቹ ዞረ፣ ያልላላ ብሎን ያጠብቃል። እሱ እንዲናገር ጠበቅሁ።

አስተማሪ ናት አልሁ።

ሌላ ቃል እንዳትጨምር ተብዬ ነበር። ጨመርሁ። ስሟስ አለ። ሰናይት። ከየት ናት? ከሉማሜ። ቁመቷ? መካከለኛ። ይበልጣል ምን ይላል? እንቅልፍ አጥቷል አልሁት። ጭኑን እየመታ ሳቀ።

ደስ አለኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ይበልጣል የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ሆነ። ሸሚዝ ያስተኩሳል፣ ይጨነቃል፣ ይላጫል። እያየሁት ነበር።

ሄልሜቴን አላወለቅሁም። በዚያ ሙቀት። ምሳ ስንበላ ጋሼ ደምሴ ይህን ድስት ራስህ ላይ ጥደህ ምን ልትቀቅል ነው አለኝና ራሱ አወለቀልኝ። የተላጨውን አየ። ቆረቆር ይዞኝ ነው አልሁት። ምነው ሳትነግረኝ አለና ቅጠል ቆርጦ ጨምቆ አናቴን ሁሉ ቀባኝ። ያቃጥላል። አሁንም ያቃጥላል።

ከምሳ በኋላ ንግግሩን ተለማመደ። ባልዬውን የልጅቷ አባት አድርጎ ሰሌን ላይ አስቀመጠው። እሱ ፊት ለፊት ቆመ፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ሰው ሆኖ። ባልዬው ጥሩ ተጫወተ። ጢሙን እያሻሸ የልጁን ዘር ጠየቀ፣ ሥራውን ጠየቀ።

«ጤናውስ?» አለ።

«እንደ ብረት!» አለ ጋሼ ደምሴ። «ወንድሙ ምስክር ነው፣ ይኸው።»

ሁሉም አዩኝ። አዎ አልሁ።

እንግዶቹ መርዶውን አያውቁም፤ ሚስትየዋ አጨበጨበች። ጌትነት ውሃ ልቅዳ ብሎ ወደ ወንዙ ሄደ፣ እስካሁን አልተመለሰም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ 12፡30 ጠዋት

ሌሊቱን አጎበር ውስጥ አሳደረኝ። የኔ ነው፣ አንተ ተኛበት አለኝ።

አሁን ወንዝ ወርዶ ታጥቧል። ጢሙን ከርክሟል። አዲስ ጋቢ ከሳጥን አወጣ። ትናንት የተቆረጠ ማር በጀሪካን ሞልቷል፤ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሄድም አለ። ማሽላውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጠ፣ በእርሻው ማዶ እየጮኸ። ልጄን ልድር ነው! ማዶ ያለው ሰው እልል አለ፣ ወንድ ሆኖ፣ ለቀልድ።

ጌትነትን ለብቻው ያዝሁት። እንንገረው አልሁ። አንተ ነህ ሚስት ያመጣህለት አለኝ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ አልችልም፣ አጎትህ ያለውን እናድርግ፣ ነገ ጠዋት ያልቃል አለ።

ነገ ጠዋት። ጋሼ ደምሴ በአዲሱ ጋቢ፣ ማሩን ይዞ፣ ሰናይትን ሊጠይቅ ከጎረቤት ቤት ሲነሳ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የሚገቡት ለሽምግልናው ነው ብሎ ፈገግ ይላል።

ወደ ደጀን የሚያወጣን የጭነት መኪና፣ አይሱዙው፣ መጣ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወደ ማርቆስ

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ መንገዱ ነው።

ሳይክሎቹንና እኛን ከኋላ ጫነን፣ ጋሼ ደምሴ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ሽቅብ ሙሉውን ሰዓት በመስኮት እየወጣ ያገኘውን ሰው ጠራ። ልድር ነው፣ ልድር ነው። ደጀን ስንደርስ ባልና ሚስቱን መኪናቸው ጠበቃቸው። ሚስትየዋ ለሠርጉ ጥሩን አለችኝ። እሺ አልኋት። ያው ለይበልጣል ያልሁት እሺ። ያኔ ነው ዝም ማለት እንደማልችል ያወቅሁት።

ጌትነት ሳይክሎቹን አውቶቡስ ላይ ሊያስጭን ሄደ። እኔና ጋሼ ደምሴ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስለ ጥሎሽ ያወራል።

«ጋሼ፣ ሽምግልና አይደለም።»

እጁ ቆመ። ልጅቷ እምቢ አለች አለኝ። ልጅቷ የለችም አልሁት፣ እኔ ነኝ የፈጠርኋት። ሊስቅ ጀመረ። ታዲያ ሽማግሌ ለምን አለና ተወው። አናቴን አየ። የቀባው ቅጠል ደርቆ አረንጓዴ ሆኗል። እጁን ዘርግቶ የበቀለውን ፀጉር ዳሰሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ከፊት ወደ ኋላ።

«ጨርሰው» አለኝ። «ጀምረህ አትተወው።»

«ይበልጣል ሞተ።»

ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እስካሁን ሰው ሲለው ስሰማ ነው የኖርሁት።

አልጮኸም። ሰው አለ፣ ሻይ ቤት ነው፣ ወጉ አይደለም። መቼ ሞተ አለኝ። ጥቅምት አሥር። ጣቶቹን አጠፈ። መስከረም መጨረሻ ላይ ከሱ ግቢ እንደወጣ ቆጠረ። የበረሃ ሰው ነው፣ ወባ በስንት ቀኑ እንደሚነሳ ያውቃል። ብርድ ብርድ ይለው ነበር? ነበር። ያንቀጠቅጠው ነበር? ነበር።

ከኔ ግቢ ነው የያዘው አለ። ለኔ አይደለም የተናገረው። ተነሣ። ጀሪካኑን ተወው። ወደ በረሃው የሚወርደውን መንገድ ያያል። በምን ዓይኔ እናቱን አያለሁ፣ አጣሁት በላቸው አለኝ።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ ማርቆስ ማርቆስ ይላል። ጋሼ ደምሴ መራመድ ጀመረ።

ተከተልሁት። ነገርሁት። የጻፍሁልህን ሁሉ። ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ለእማዬ እንዳትነግር እንዳለኝ፣ እሺ እንዳልሁት፣ ፈተና እንደነበረኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለ። ግጥም በቃል እንደሚወጣ ነው የተናገርሁት፣ ቆሜ፣ በፍጥነት። አላለቀስሁም።

ቆሞ ሰማኝ። ያንተ ጥፋት አይደለም አላለኝም። እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር።

«እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

መንገዱን አየ። ረዳቱ የመጨረሻ ነው እያለ በሩን ይደበድባል።

«እኔ ብቀር ብቻህን ልትገባ ነው» አለ። ተመልሶ ጀሪካኑን አነሳ።

አሁን አጠገቤ ተቀምጧል፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ። ከሉማሜ ጀምሮ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ሰው የተኛ ይመስለዋል። ቅድም አንድ ነገር አለኝ። አጎትህ ፊት እንዳልነገርኸኝ ሁን፣ ሽማግሌዎቹ ነገ ይንገሩኝ፣ ሥራቸውን አልነጥቃቸውም።

ጌትነት ከኋላ ወንበር ያየናል። ያወቀ ይመስለኛል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት ጠዋት

ት/ቤት አልሄድሁም።

ጎህ ሲቀድ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ጋሼ ደምሴ ያደረበት ጎረቤት ቤት ገቡ። እኔ በር ላይ ነበርሁ። አያ አንማው ተናገረ። ጋሼ ደምሴ እንደ አዲስ ሰማው። እንደ አዲስ ስል ማስመሰል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የጮኸው ጩኸት ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነው። አራት ሰው ያዘው።

ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጣ። ሰው ሞልቷል። እማዬ እግር ስር ወደቀ። ከኔ ግቢ ነው የያዘው፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አለ፣ ሁሉም እየሰማ። ማንም አልጠየቀውም፣ ራሱ ተናገረው። እማዬ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ይዛ ልታነሳው ሞከረች፣ አቃታት፣ አብራው ተቀመጠች።

«አበልጅ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችው። «ማንም አላወቀም።»

እሱ ቀና አላለም። ወደ እኔ ሊያይ ይችል ነበር፣ በሩ ላይ ፊት ለፊት ነበርሁ። አላየም። ሆን ብሎ እንዳላየኝ አውቃለሁ።

ለቀስተኛው ሲቀንስ አያ አንማው ወደ ጓሮ ጠራኝ። አፍህን ይዘሃል፣ ኮራሁብህ አለኝ። ዛሬ ሰው ሆንህ። አልያዝሁም፣ ደጀን ላይ ነግሬዋለሁ አልሁት። እኔን የምታዋርደው ለምንድን ነው አለ። ሊጨምር ነበር፣ ሰው መጣ። ማታ ይመለስበታል። ይመለስበት።

ጋሼ ደምሴ አጥሩ ስር ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። አብሬህ ልግባ አለኝ፣ ምን ለማድረግ እንደሆነ ሳልነግረው። አይ አልሁት፣ እማዬን እኔ ልንገራት። ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ ብቻዋን የምትሆነው መቼ ነው አለኝ። አሁን ነው አልሁ።

አሁን ነው። እዚህ ሆኜ አያታለሁ። ጓዳው ደጃፍ ላይ ለአርባው የሚሆነውን ምስር ትለቅማለች። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ሄደዋል፣ ሩብ ሰዓት ቢቆዩ ነው።

ልቤ ይመታል። ይህን ጻፍልኝ፣ ደብተሬ። በጣም ነው የሚመታው፣ እጄ ላይ ይሰማኛል።

መቀመጫ ዱካ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከሰፌዱ ግማሹን ወደ እኔ እስባለሁ። እየለቀምሁ እጀምራለሁ፣ ከረቡዕ። ከተቆጣች ትቆጣ። ዝም ካለች ዝም ብላ እስክትጨርስ አልነሳም። ብትገፋኝም አልነሳም። መጀመሪያ የምላት ይህ ነው፦ እማዬ፣ እኔ አውቅ ነበር።